የሐዲዱን መጨረሻ በእግር፦ ከቤተሰብ ጋር አንድ ቀን በጅቡቲ

ጥያቄ፦ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ባለቤቴን፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ጅቡቲ የምትኖረውን እኅቴን ለመጠየቅ አስቤአለሁ። እናቴ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ሟቹ አባቴ በአዳማ ጣቢያ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የሐዲዱን መጨረሻ ለማየት ሲመኙ ኖረዋል፤ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ደካማ ነው። አንዱን ቀን ሙሉ በአንድ ጥንታዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ በእግር እየተዘዋወርን ብናሳልፍ ደስ ይለናል። ጅቡቲ ከተማን ወይስ ታጁራን እንምረጥ? ቀኑንስ እንዴት እናድርገው?
አንድ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ በዕድሜ ከሆነ ታጁራ ትበልጣለች። ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ከመቆርቆሯ በፊት ከሸዋ ወደ ባሕሩ ለሚወርደው ሲራራ ነጋዴ አንዷ በር የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫ የሆነችው ታጁራ ነበረች፤ ለምኒልክ የመጣ ጠመንጃም በግመል ተጭኖ ከዚያው ተነሥቷል። ነገር ግን ታጁራ ያለችው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ስለሆነ፣ ከአረጋዊት እናትና ከሕፃን ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ቀኑን ጀልባና መኪና በመጠበቅ መጨረስ ነው። እዚያ ለማደር ካላሰባችሁ ይተዉት።

ለእናንተ ቤተሰብ ጅቡቲን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ግን ራሱ ሐዲዱ ነው። ምኒልክ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1894 ከሰጡ በኋላ ሥራው በ1897 ከወደቡ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዳማንም ከተማ ያደረጋት ይኸው 784 ኪሎ ሜትር የነበረው መስመር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ የሚያወርደው ከከተማው ውጭ በሚገኘው በናጋድ ነው፤ አባትዎ ያገለገሉበት የድሮው መስመር የሚያበቃው ግን በከተማው ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ በተጠጋው አሮጌ ጣቢያ ነው። እናትዎ ናጋድ ሲወርዱ የሐዲዱን መጨረሻ እንዳዩ አይቁጠሩ። በማለዳ በታክሲ በቀጥታ ወደ አሮጌው ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ከውጭ ማየቱ ይበቃል፤ የቀኑም መጀመሪያ ይሁን፤ የእርሳቸው ጉልበት ያኔ ገና አልደከመምና።

ከዚያ ወደ መሐል ከተማው ተመልሳችሁ፣ ሕጋዊ ስሙ የጁን 27 (በእኛ ሰኔ 20) አደባባይ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ ከሚለው ቦታ የእግር ጉዞውን ጀምሩ። ዙሪያውን የተደረደሩት ነጫጭ ፎቆች ምድር ቤታቸው በቅስት የተሠራ መተላለፊያ ስላለው ሰው ከፀሐይ ተከልሎ ይሄዳል፤ የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎችም ነፋስ እያስገቡ ብርሃን የሚከለክሉ ናቸው። ልስኑ የረገፈበት ግድግዳ ስታገኙ ልጆቹን አስጠጉና አሳዩአቸው፤ የድሮዎቹ ቤቶች የተገነቡበት የባሕር ዛጎል ድንጋይ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው፤ የትንሹ ልጅ ጣት በቀዳዳው ይገባል። በዚያው አጠገብ ያለው የመስኮት ብረት ደግሞ በጨዋማው አየር ተበልቶ በቅርፊት በቅርፊት ሲላጥ ይታያል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ከማንኛውም ሐውልት የበለጠ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከአደባባዩ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድና በዙሪያው ያለው ገበያ ይገኛሉ፤ ለገበያው ሴቶቹ ነጠላ ቢይዙ መልካም ነው።

ቀኑ የሚበላሸው እኩለ ቀን ላይ ነው። ከአዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዳችሁ በባሕር ጠለል ላይ ትሆናላችሁ፤ የመረጣችሁት ወቅት ቀዝቃዛው ቢሆንም ወበቁ ላልለመደው ከባድ ነው። የከተማው ሰውም ይህን ስለሚያውቅ በእኛ አቆጣጠር ከ6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል፤ እናንተም እንደ እርሱ አድርጉ። ምሳችሁ የየመን ዓሣ ይሁን፦ ዓሣው በቁመቱ ተከፍቶ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ እሳት ይነካውና ከስስ ቂጣና ከሚያቃጥል ድልህ ጋር ይቀርባል፤ ልጆቹ ድልሁን ይለፉት። ዕለቱ ግን ዓርብ አይሁን፤ ሱቆቹ ይዘጋሉ፤ እናትዎም ዓርብን የሚጾሙና ዓሣን በጾም የማይበሉ ከሆነ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል።

ከምሳ በኋላ እኅትዎ ቤት ተኝታችሁ፣ ፀሐይ ሲበርድ ለስካል ወደምትባለው ትንሽ የጀልባ ወደብ ውጡ። የከተማው ሰው የሚንሸራሸረው በዚያ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለእናትዎም አይከብድም። ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሸሻል፣ ይመለሳልም፤ ሲሸሽ የሚገለጠው ሰፊ ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ሰው ጭቃ አይተው እንዳይመለሱ የሚሞላበትን ሰዓት ቀደም ብላችሁ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ።

የቀረው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ልጆቹም ጭምር ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል፤ የቪዛውንና የባቡሩን የጉዞ ቀን ከመነሣታችሁ በፊት ከኤምባሲውና ከጣቢያው አጣሩ። ወደቡን፣ ቤተ መንግሥቱንና ወታደር ያለበትን ቦታ ፎቶ አታንሡ። ሰዓት ስትጠያየቁ እዚያ ሰባት የሚባለው የእኛ አንድ መሆኑን አትርሱ። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ባላቸው ታክሲዎች ከመሳፈራችሁ በፊት በዋጋው በፍራንክ ተስማሙ፤ እኅትዎ አብራችሁ ካለች ግን ክርክሩን ለእርሷ ይተዉላት።