መልስ፦ መብራት ሲመለስ ኮንቴነሮቹ ለምን አይነሱም?

ወንድሜ፣ ከአራት ኪሎ የጻፍከውን አየሁት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢሚች (ቤትህ ባለው ሰርቨር ላይ ፎቶ የምታስቀምጥበት ፕሮግራም) አይነሳም፣ ከቤት ስትወጣ ደግሞ ፎቶዎችህን ማየት አትችልም ነው ያልከው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የኮንቴነሮቹ (የኢሚች ክፍሎች ለየብቻ ታሽገው የሚሠሩባቸው) አሠራር የተጻፈበት ኮምፖዝ ፋይል ላይ ሪስታርት የሚለውን "አንለስ ስቶፕድ" (unless-stopped፣ ራስህ ካላቆምከው በቀር ይነሳ ማለት ነው) አድርገው። ኮንቴነሮቹን የሚያስነሳው ዶከር ራሱም ማሽኑ ሲበራ አብሮ መነሳቱን እይ። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ገብተህ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ አዘው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዳታቤዙ ነው። ኢሚች የሚጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ድንገት ቢጠፋም በራሱ ያገግማል። አንዳንድ ርካሽ ዲስክ ግን ሳይጽፍ "ጽፌያለሁ" ይላል፤ ያኔ ጉድ ይፈላል። ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ካለህ ሰርቨሩን እሱ ላይ አዙረው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ከመግዛት ያድንሃል። ለባክአፕ የዳታቤዙን ፎልደር እየሠራ ሳለ አትቅዳው። በፒጂደምፕ (pg_dump፣ የፖስትግሬስ መገልበጫ ትእዛዝ) አውጣና ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ ፎቶዎቹንም ጨምር።

ከውጭ ለመግባት መጀመሪያ ራውተሩ የሚያሳየውን የውጭ አድራሻ ተመልከት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አንድን አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋራህ ነው፤ ፖርት ብትከፍት (ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ወደ ሰርቨሩ እንዲያስገባ ብታዘው) ከንቱ ድካም ነው። ታይልስኬልን (መሣሪያዎችህን በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሰርቨሩም ስልክህም ላይ ጫን። አድራሻ ባትጋራም እንኳ እኔ ፖርት ከመክፈት እሱን እመርጣለሁ። ራውተሩንም ባትሪ ላይ አድርገው፣ አለዚያ ሰርቨሩ ብቻውን በርቶ ምን ይፈይድልሃል?