ትራንስፖዝ፦ ግልባጭ ወይስ ተገላቢጦሽ?

«የማትሪክስ ትራንስፖዝን በአማርኛ ግልባጭ ልበለው? ጓደኛዬ ተገላቢጦሽ ነው ብሎ ይሟገተኛል» ሲሉ አንድ አንባቢ ጠይቀውኛል።

ግልባጭ ይበሉት። ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው፤ ትራንስፖዙ ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ማድረግ ነው። ተገላቢጦሽ የሚስማማው ለኢንቨርስ ነው። አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ብቻ ያለውን፣ በውስጡም አንድ ቁጥር፣ 2፣ ያለበትን ማትሪክስ ይውሰዱ። ትራንስፖዙ ያው 2 ነው፤ ኢንቨርሱ ግን ግማሽ። ኢንቨርስ የተሠራውን ያፈርሳል፤ በ2 የተባዛው በግማሽ ሲባዛ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ትራንስፖዝ የቁጥሮቹን አድራሻ ብቻ ይለውጣል። እርግጥ በማሽከርከሪያ ማትሪክስ (ነጥቦችን በሚያዞረው) ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ጓደኛዎን ያሳሳተው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የፊደል ገበታችንን ይመልከቱ። ቨን ካልቆጠርን 33 ረድፍና 7 ዓምድ አለው። ሲገለበጥ 7 ረድፍና 33 ዓምድ ይሆናል። የመጀመሪያው ረድፍ ሀ ሁ ሂ ማለቱን ትቶ ሀ ለ ሐ መ ይላል። 4ኛው ረድፍ፣ 3ኛው ዓምድ ላይ የነበረችው ሚ፣ 3ኛው ረድፍ፣ 4ኛው ዓምድ ላይ ትገባለች። ሀ ሉ ሒ ማ ሤ ር ሶ ግን ንቅንቅ አይሉም፤ ሰያፉ መስመር ላይ ናቸዋ!

ሁለት ማትሪክሶች ተባዝተው ሲገለበጡ ቅደም ተከተላቸው የሚለወጠውም ለዚሁ ነው። ማባዛት የግራውን ረድፍ ከቀኙ ዓምድ ጋር ማጋጠም ነው። ሲገለበጡ ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ ስለሚሆን፣ እንደገና ለመጋጠም የግራው ወደ ቀኝ መሄድ አለበት።

ወደ ቃሉ ልመለስ። በገለበጠ መጨረሻ ያለችው ጠ ከኢ ድምፅ ጋር ስትገናኝ ላንቃዊ ሆና ወደ ጨ ተለወጠች፦ ቆረጠ ቁራጭ፣ ፈለጠ ፍላጭ፣ ገለበጠ ግልባጭ። ሦስቱም የድርጊቱን ውጤት ይሰይማሉ። (ገልባጩማ መኪናው ነው።) የትራንስፖዝ የላቲን ሥርም «አሻግሮ ማስቀመጥ» ነው፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አርተር ኬይሊ በ1858 እ.ኤ.አ. ስለ ማትሪክስ በጻፈው ጥናት ተጠቅሞበታል። ማትሪክስ የሚለው ቃል ራሱ፣ ሌላው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ሲልቬስተር በ1850 ለሒሳብ ሲያውለው፣ በላቲን ማኅፀን ማለት ነበር። ይህ ለጥያቄዎ አያስፈልግም፤ ስለምወደው ነው የጨመርኩት።

«ግልባጭ እኮ ደብዳቤ ግርጌ የሚጻፍ ኮፒ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁና! ግልባጭ ደብዳቤም ከዋናው አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንዲያውም ለእኔ ያግዛል።

ተማሪው ሁሉ «ትራንስፖዝ አድርገው» እንደሚል አውቃለሁ። ጆሮዬን ቢቆረቁረውም ቃሉ ለምዷል፤ አላርምም። ተገላቢጦሽን ግን ለኢንቨርስ ይተዉልኝ።