የስፖርት ማኔጅመንት ለምታጠኑ ወጣቶች፦ ስለ ዓይነታዊ ምርምር

ውድ ወጣቶች፣

የመመረቂያ ጥናታችሁን ርእስ ስትመርጡ፣ ቃለ መጠይቅንና ምልከታን መሠረት ያደረገው ዓይነታዊ ምርምር በአኃዝ ከሚሠራው መጠናዊ ምርምር ያነሰ ነው የሚል አስተያየት መስማታችሁ አይቀርም። በሙያው ረጅም ዘመን እንደቆየ ሰው ይህን አስተያየት እንዳትቀበሉት እመክራችኋለሁ፤ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ አኃዝ ሞልቶለት ሳለ አኃዙ ለደጋፊውና ለተጫዋቹ ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ የወሰነ አመራር ብዙ ነው።

የዌልሱን ካርዲፍ ሲቲ እንመልከት። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል በሰማያዊ ማሊያ የሚታወቀው ይህ ክለብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባለቤቱ ቪንሰንት ታን በእስያ ገበያ ተቀባይነቱ እንዲጨምር በማሰብ ማሊያውን ወደ ቀይ ለወጡት፤ በዓርማው ላይም የሰማያዊዋን ወፍ ዋና ቦታ ቀይ ዘንዶ ወሰደው። በ2013 ቡድኑ የቻምፒዮንሺፑ (የእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን ሊግ) አሸናፊ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። የደረጃ ሠንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ተንታኝ የቀለሙ ጉዳይ በድሉ ተዘጋ ሊል ይችል ነበር። የደጋፊው ተቃውሞ ግን ቀጠለ፤ ክለቡ በ2014 ከሊጉ ከወረደ በኋላም በጥር 2015 ወደ ሰማያዊው ተመለሰ። አንድ ደጋፊ በዋንጫው እየተደሰተ በማሊያው ሊቆጣ ይችላል፤ እርካታውን ከአንድ እስከ አምስት በሚደርስ ነጥብ እንዲገልጽ ስትጠይቁት «ሦስት» ብሎ ያልፋል፣ ሁለቱም ስሜቶች በዚያች ሦስት ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ። ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ አጥኚ ግን ይህ ሰው የአሠልጣኝ፣ የስፖንሰር፣ ምናልባትም የስታዲየም ለውጥን ታግሦ ቀለሙን ለምን እንደማይታገሥ ሊረዳ ይችላል። ለክለብ አመራር የሚጠቅመውም ይህንን ድንበር አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ከስታቲስቲክስ ለመሸሽ ብላችሁ ዓይነታዊ ምርምርን የምትመርጡ ከሆነ ግን ቢቀርባችሁ ይሻላል። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያም ደጋግሞ ማንበብ፣ ኮድ መስጠት (ለእያንዳንዱ ሐሳብ አጭር መለያ ስም መስጠት)፣ ኮዶቹን ወደ ጭብጥ ማሰባሰብ፣ ከጭብጡ ጋር የማይስማማውን ተናጋሪ ደብቆ ከማለፍ ይልቅ ፈልጎ ማግኘት ይከተላል። እያንዳንዱን ውሳኔ ለምን እንደወሰናችሁት በማስታወሻ ካልያዛችሁ፣ ፈታኙ «የመረጥከው ሐሳብህን የሚደግፉትን ጥቅሶች ብቻ ነው» ሲል መልስ አይኖራችሁም።

በስፖርት ተቋማት ውስጥ በተለይ የምትጠነቀቁበት ነገር ፈቃድና ምስጢር ነው። ወደ ተጫዋቾቹ የምትደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በሥራ አስኪያጁ በኩል ስለሆነ፣ የምታነጋግሯቸውን ሰዎች እርሱ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ፤ ውሉ ሊታደስለት የሚጠባበቅ ተጫዋች በቢሮ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እውነቱን አይነግራችሁም። ስም መሰረዝም ብቻውን አይበቃም። ክለቡ አንድ የበረኞች አሠልጣኝ ብቻ ካለው፣ «አንድ የበረኞች አሠልጣኝ እንደገለጸው» ብሎ መጻፍ ስሙን ከመጻፍ አይለይም። ስለዚህ የሥራ ድርሻውን ሰፋ ባለ አጠራር «የአሠልጣኞች ቡድን አባል» በሉት፤ አሁንም የሚታወቅ ከመሰላችሁ ጥቅሱን ከማሳተማችሁ በፊት ለራሱ አሳዩት፣ አይታተም ካለም ምንም ያህል ቢያምርላችሁ ከጽሑፉ ሰርዙት።