የአንባብያን ጥያቄ፦ ርካሹ ድሮን ታንክ ማሳደድ ከጀመረ ወዲህ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ጦርነት መለወጥ የሚያነሱትን መርጠን መልሰናል። ምሳሌዎቻችን በብዛት ከዩክሬን ናቸው፤ ለውጡ በየወሩ ፈጥኖ የሚታየው እዚያ ነውና። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ ታንከኛ ነበርኩ። አሁን ልጆቼ «ታንክ አበቃለት» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ታንኩ አላበቃለትም። ያበቃለት በሜዳ ላይ ተሰልፎ፣ በግላጭ እየገሰገሰ ምሽግ የሚሰብርበት የድሮው ስልት ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት የታንክ ብረት የሚወፍረው ከፊቱ ነው፤ ሲሠራ ጠላት ከፊት ይመጣል ተብሎ ታስቧልና። ጣሪያውና የሞተሩ መክደኛ ግን ስስ ናቸው። የዛሬው አደጋ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ነው። የድሮኑ አብራሪ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ የካሜራውን ምስል የሚያሳይ መነጽር አጥልቆ፣ የተከፈተ ክዳን ወይም የሞተሩን ፍርግርግ እየመረጠ ይመታል። ትንሹ ድሮን ራሱ 500 ዶላር ገደማ ያወጣል። ታንኩ ግን በሚሊዮኖች ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ማስጠንቀቂያ በ2020 አዘርባጃንና አርመን በናጎርኖ ካራባህ ያካሄዱት የ44 ቀን ጦርነት ነበር። አዘርባጃን አንቶኖቭ 2 የተባሉትን አሮጌ አውሮፕላኖች አብራሪ ሳይኖርባቸው እንደ ማጥመጃ አበረረቻቸው፤ የአርመን የአየር መከላከያ ሊመታቸው ሲተኩስ ያለበትን ቦታ አጋለጠ። ባይራክታርና ሃሮፕ የተባሉት ድሮኖች ተከታትለው መከላከያውን አወደሙ፤ ከዚያ በኋላ ታንኩም መድፉም መጠለያ አጣ። በዩክሬን ደግሞ አሜሪካ ከሰጠቻቸው 31 አብራምስ ታንኮች የተረፉት ከፊት መስመር ወደ ኋላ መሳባቸውን የአሜሪካ ባለሥልጣናት በ2024 ሚያዝያ ተናግረዋል፤ የሰጡት ምክንያት ከድሮን ዓይን መሰወር አለመቻሉ ነው።

ሩሲያውያን ታንካቸውን በቆርቆሮና በብረት ፍርግርግ እንደ ኤሊ መሸፈን ጀመሩ። ይህ ጥቂት ምቶችን ያመክናል፤ ነገር ግን መድፉን የተሸከመው ቱሬት መዞር ያቅተዋል፣ ነጂው ማየት ይሳነዋል፣ ጭነቱም ሞተሩን ያደክማል። ስለዚህ ዛሬ ታንክ አብዛኛውን ጊዜ ጫካ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ከሩቅ እንደ መድፍ ይተኩሳል፤ ወይም ማለዳ ጭጋግ ጠብቆ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ይመለሳል።

ከታንኩ ዕጣ ይልቅ ትልቁ ለውጥ እንዲህ ነው፤ ከግንባሩ ወዲህም ወዲያም ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይታያል፤ የታየውም በደቂቃዎች ውስጥ ይመታል። ሻለቃ ጦር በአንድ ቦታ መሰብሰብ አይችልም። ወታደሮች ሁለትና ሦስት ሆነው በእግር ይገባሉ፤ ውኃና ጥይት በድሮን ወይም ጎማና ሰንሰለት ባላቸው ትንንሽ ሮቦቶች ይደርሳቸዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የቁስለኛ ነገር ነው። አንቡላንስ ስለማይቀርብ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ የነበረበት ሰው አንዳንዴ ቀናት ይጠብቃል። ደም ለማቆም ክንድ ወይም እግር ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ጡንቻና ነርቭ መጉዳት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በዩክሬን ብዙ ወጣት እግሩን ያጣው በቁስሉ ክብደት ብቻ ሳይሆን በመዘግየቱም ጭምር ነው። ለዚህም ማሰሪያው የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ መያዝ፣ ከተቻለም በጊዜ ወደ ግፊት ፋሻ መቀየር አሁን ለተራው እግረኛ ወታደር ጭምር ይሰለጠናል።

ጥያቄ፦ በቴሌኮም ሥራ ላይ ነኝ። ድሮን በሬዲዮ የሚመራ ከሆነ ሲግናሉን አፍኖ ሁሉንም መጣል ለምን አልተቻለም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሰዋል። ትንሹ ድሮን ሁለት የሬዲዮ መስመር አለው። በአንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ብዙ ጊዜ 900 ሜጋኸርዝ አካባቢ። በሌላው የካሜራውን ምስል ይልካል፤ ብዙ ጊዜ 5.8 ጊጋኸርዝ ላይ። ማወኪያው መሣሪያ በዚያው ሞገድ ላይ ኃይለኛ ጫጫታ ይለቃል፤ ገበያ መሀል ቆሞ የሹክሹክታ ወሬ ለመስማት እንደመሞከር ይሆናል።

ችግሩ ብዙ ነው። ማወኪያው የሚያፍነው የተዘጋጀለትን ሞገድ ብቻ ስለሆነ ባላጋራው ወደ ሌላ ሞገድ ይሸሻል፤ ዛሬ የሚሠራ ማወኪያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። መኪና ላይ የሚጫነው ትንሹ ዓይነት የሚሸፍነው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ኃይሉን ከፍ ሲያደርጉት ራሱ እንደ መብራት ይታያል፤ የጠላት መሣሪያ አቅጣጫውን ለይቶ መድፍ ያዘንብበታል። የወገንንም ድሮን ያውካል፤ ስለዚህ አዛዡ መቼ እንደሚያበራውና እንደሚያጠፋው ከጎረቤት ክፍል ጋር መስማማት አለበት። በጥድፊያ መሀል ይህ ስምምነት ሲዘነጋ የራስን ድሮን በራስ መሣሪያ መጣል የተለመደ ነው።

በ2024 ደግሞ ሩሲያ ማወኪያን ከነጭራሹ የሚያልፍ ዘዴ ይዛ መጣች፤ በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ የሚመራ ድሮን። ከፀጉር ብዙም የማይወፍረው ገመድ የተጠቀለለበት ጥቅልል የሚቀመጠው መሬት ላይ ሳይሆን ድሮኑ ላይ ነው። ድሮኑ እየበረረ ገመዱን ከኋላው ይተዋል እንጂ አይጎትትም፤ 10 ወይም 20 ኪሎ ሜትር መሄድ የቻለው በዚህ ነው። ሬዲዮ ስለማያሠራጭ በሬዲዮ መቃኛ አይገኝም፤ ምስሉም ኮረብታ ጀርባ ሲወርድ አይጠፋም። ጉድለቱ ጥቅልሉ ከኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚሸከመው ፈንጂ ይቀንሳል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ በፍጥነት ሲታጠፍ ገመዱ ከራሱ ፕሮፔለር ጋር ይጠላለፋል፣ ዛፍ ላይም ይበጠሳል። መከላከያው ወደ ጥንቱ ተመልሷል፤ በመንገድ ላይ በምሰሶ የተወጠረ መረብና የአደን ጠመንጃ። የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች ያረጀ መረባቸውን ለዚህ ሲለግሱ ቆይተዋል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚታየው የተሳካው ምት ብቻ መሆኑን ግን አይርሱ። ሩሲ የተባለው የለንደን ጥናት ተቋም በ2025 መጀመሪያ እንደገመተው ከእነዚህ ትንንሽ ድሮኖች ከ60 እስከ 80 በመቶው ዒላማቸው ላይ አይደርሱም። ነፋስ፣ ዝናብ፣ ብርድ የበላው ባትሪ፣ በሚገባ ያልተበየደ ሽቦ፣ የደከመ አብራሪ፤ ሁሉም ድርሻ አለው። መድፍ በጭጋግ ውስጥም ይተኩሳል፤ ስለዚህ ከጦር ሜዳው አልወጣም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሳይረን እየሰማን ነው። በአራት ሚሊዮን ዶላር ሚሳይል ርካሽ ድሮን መምታት እስከ መቼ ያዛልቃል? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ አያዛልቅም። ሩሲያም ዩክሬን ላይ የምትለቀውን ሻሄድ 136 የተባለ የኢራን ድሮን እንውሰድ፤ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 3.5 ሜትር ይረዝማል፣ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ፈንጂ ይዞ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ዋጋው ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይገመታል። አንድ የፓትሪዮት ፓክ 3 የአየር መከላከያ ሚሳይል 4 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው።

ነገር ግን ሂሳቡን በሚሳይሉና በድሮኑ ዋጋ ብቻ ማስላት ያሳስታል። ድሮኑ ሊመታ የሄደው ትራንስፎርመር ወይም ሰው የተኛበት ሕንፃ ከሆነ ውድ ሚሳይልም ቢሆን ይተኮሳል። ትክክለኛው ጭንቀት የክምችቱ ነው። የእነዚህ ሚሳይሎች ምርት በ2025 በዓመት 600 ያህል ነበር። ዩክሬን እንዳስታወቀችው ግን ሩሲያ በሐምሌ 9 ቀን 2025 በአንድ ሌሊት ብቻ 728 ድሮን ለቃለች፤ ከፊሎቹ ሚሳይል እንዲያስጨርሱ የተላኩ የኮምፔንሳቶና የፎም ማታለያዎች ናቸው።

ስለዚህ መከላከያው በደረጃ ይከፈላል። ዩክሬን በየምሰሶው ወደ 10,000 የሚጠጉ ድምፅ ማዳመጫዎች ተከለች፤ እያንዳንዳቸው ከ400 እስከ 500 ዶላር ያወጣሉ። የሻሄዱ ሞተር እንደ ሞተር ብስክሌት ስለሚጮህ አቅጣጫው ይታወቃል። ከዚያ በፒክአፕ ላይ መትረየስና የፍለጋ መብራት ያላቸው ቡድኖች፣ ቀጥሎ ጥቂት ሺህ ዶላር የሚያወጣ አሳዳጅ ድሮን፣ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ይከተላሉ። ውዱ ሚሳይል የሚቆጠበው ከፍ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚወርደው ባሊስቲክ ሚሳይል ነው። የእናንተው የሮኬት መከላከያ አይረን ዶምም ቁጠባ ያውቃል፤ ራዳሩ ሮኬቱ የሚወድቅበትን ነጥብ ያሰላል፣ ሰው ወደሌለበት ሜዳ የሚሄደውን ይተወዋል። ሌዘር በአንድ ተኩስ ወጪው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ደመናና አቧራ ያዳክሙታል፣ ጨረሩም በአንድ ጊዜ በአንድ ዒላማ ላይ ለጥቂት ሰከንድ መቆየት አለበት። ብዙ ድሮን በአንድ ጊዜ ሲመጣ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። «ተመትቶ ወደቀ» ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ስብርባሪው ይወርዳል። ሳይረኑ ከቆመም በኋላ እንድትወጡ እስኪነገራችሁ ድረስ በመጠለያው ቆዩ።

ጥያቄ፦ ዕቃ አስመጪ ነኝ። የየመን ጦርነት ከእኔ ሱቅ ጋር ምን አገናኘው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መንገዱ ነው ያገናኘው። የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች በኅዳር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙ በኋላ በድሮንና በሚሳይል ብዙ መርከቦችን መቱ። ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ከእስያ ወደ አውሮፓ በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ይህ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል። የኢትዮጵያ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ የኢንሹራንሱ ጭማሪና የኮንቴይነር እጥረት እስከ እርስዎ ሱቅ ይደርሳል። ባሕር ኃይል የሌለው ታጣቂ የዓለምን የንግድ መስመር ማጣመም መቻሉ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሰውን ማን እንደሚገድል ማሽን ይወስናል የሚባለው ደርሷል ወይስ ገና ነው? ሕግስ የለውም? (የሕግ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በከፊል ደርሷል። አብራሪው ዒላማውን ይመርጣል፤ ሲግናሉ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቋረጥ ድሮኑ የያዘውን ምስል ተከትሎ ራሱ ይጨርሳል። ይህ ዛሬ ግንባር ላይ ይሠራል። ቀጣዩ እርምጃ ምርጫውንም ለማሽኑ መስጠት ነው፤ የሚያስፈራን እሱ ነው። ካሜራ ትራክተርን ከብረት ለበስ ጋር ሊያምታታ ይችላል። እጁን ያነሣ ወታደርን፣ የወደቀ ቁስለኛን፣ እንጨት የተሸከመ ገበሬን መለየት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2 ቀን 2024 ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ያወጣውን ውሳኔ 166 አገሮች ደግፈዋል፤ ሩሲያ፣ ሰሜን ኮሪያና ቤላሩስ ተቃውመዋል። ውሳኔው ምክክር ያስጀምራል እንጂ አስገዳጅ ውል አይደለም። በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ ማለትም ሲቪልን ከተዋጊ የመለየትና የተመጣጣኝነት ግዴታ፣ ማሽኑን የላከውን አዛዥ ይይዛል። ማሽን ችሎት አይቆምም።

ሕጉ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ ግን የእኛው አገር ምስክር ናት። መርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጣሊያን በ1928 አጽድቃው ነበር፤ በ1935 እና 1936 ግን በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሰምቶ ዝም አለ። ስለዚህ አዲሱን ውል ስታጠኑ መጀመሪያ ማን ይመረምራል፣ ምን መዝገብ ይቀመጣል፣ የጣሰውስ ምን ይደርስበታል የሚሉትን አንቀጾች ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ ያገኙትን ብረት ክፍል ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? (መምህርት፣ ከወልዲያ)

መልስ፦ ክፍል ውስጥ የገባ ነገር ካለ ልጆቹን አስወጥተው፣ ማንም ሳይነካው ለፖሊስ ያሳውቁ፤ እርስዎም ራስዎ አያውጡት። ለልጆቹ የሚነገረው አጭር ነው። የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ በእግር አትግፉ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ እሳት አታቅርቡበት። ዝገት ፈንጂን አይገድለውም፤ እንዲያውም መቀስቀሻውን የያዘውን መቆለፊያ በልቶ የበለጠ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። የወደቀ ድሮንም እንዲሁ ነው፤ ፈንጂው ሳይፈነዳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪውም ከሰዓታት በኋላ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ያየ ልጅ በአጠገቡ ስልክ ሳይደውል ባለበት ይቁም፤ በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ከሩቅ ሆኖ ቦታውን በዛፍ ወይም በቤት ምልክት ያስታውስ፤ ከዚያ ለትልቅ ሰው ይንገር። ስትነግሯቸው አትቆጡ፤ ቁጣ የፈራ ልጅ ያገኘውን ይደብቃል።