«ከካዱት ወገን ሆኜ ይሆን?»

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝ። አብሮኝ ያደገው ታላቅ ወንድሜ ከጥቂት ጊዜ በፊት እምነቱን መተዉን በግልጽ ነገረን፤ «ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም» ይላል። ከዚያ ወዲህ እኔም ሰላም አጥቻለሁ። ጸሎቴ ደርቋል፤ የማምነው ነገር እውነት መሆኑን የምጠራጠርበት ሌሊትም አለ። በቅርቡ ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት ሳነብ ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ካዱት ሰዎች የተነገረውን አገኘሁና ደነገጥሁ። እኔ ከእነዚያ ወገን ሆኜ ይሆን? ወንድሜስ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስልህ። አንተ አልካድህም፤ ወንድምህም በሕይወት እስካለ ድረስ የንስሐ በር አልተዘጋበትም። ይህን ማስቀደሜ ከዚህ በታች የምጽፈው ጠንከር ያለ ነገር ስላለበት ነው፤ እርሱን ስታነብ ይህን አትርሳ።

ስለ ጾምና ጸሎት ሥርዓት፣ ስለ ንስሐና ቁርባን የምታውቀውን መልሼ አልነግርህም። የምናገረው ሳስተምር ደጋግሞ ስለገጠመኝ አንድ ስሕተት ነው። ብዙ ምእመናን ክህደት አንድ ቀን በድንገት የሚደርስ፣ በአንድ ቃል የሚፈጸም ነገር ይመስላቸዋል። በዚህም የተነሣ አንዱ በልቡ ጥርጥር ባለፈ ቁጥር «አሁንስ ካድሁ» እያለ ይሸበራል፤ ሌላው ደግሞ «ክርስቶስን አላውቀውም» የሚል ቃል ከአፉ ስላልወጣ ብቻ፣ ጸሎቱን፣ ንስሐውንና ከወንድሞቹ ጋር መሰብሰቡን አንድ በአንድ እየጣለ ኖሮም ደኅና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። የዕብራውያንን መልእክት ይዞ እየተንቀጠቀጠ ወደ መምህር የሚመጣው ሁልጊዜ የፊተኛው ነው። የኋለኛው ስለዚህ ነገር ሊጠይቀኝ መጥቶ አያውቅም።

ያስደነገጠህ ቃል ብርሃን የበራላቸውን፣ ሰማያዊውን ስጦታ የቀመሱትን፣ ከመንፈስ ቅዱስም ተካፋዮች የነበሩትን፣ «በኋላም የካዱትን እንደገና ለንስሐ እነርሱን ማደስ የማይቻል ነው» ይላል። በዚህ ቃል ላይ መጽሐፉን ዘግተህ ከተነሣህ መደንገጥህ አይገርምም። ሦስት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብትል ግን ያው ጸሐፊ «ስለ እናንተ ግን፥ ወዳጆች ሆይ» ብሎ፣ ምንም እንኳ እንዲህ ቢናገርም ስለ እነርሱ የሚሻለውንና ለመዳን የሚሆነውን እንደ ተረዳ ሲገልጽ ታገኘዋለህ። መልእክቱ የተላከው ወጥተው ለሄዱ ሰዎች አልነበረም፤ ገና በጉባኤው ውስጥ ላሉ፣ ነገር ግን ለዛሉ ክርስቲያኖች ነበር። ምዕራፍ 10 እንደሚነግረን እነዚህ ሰዎች ቀድሞ በነቀፋና በጭንቅ እንደ መጫወቻ ተደርገዋል፤ የገንዘባቸውንም ንጥቂያ በደስታ ተቀብለዋል። ያን የመሰለውን መከራ በድል ተወጥተው ሲያበቁ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ አንዳንዶቹ መሰብሰባቸውን መተው ልማድ አደረጉት። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ ያደረገው በዚህ ጊዜ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው የሚጮኽ ሰው የሚጮኸው ያ ሰው ገና ስላልወደቀ ነው፤ አንተ ግን ጩኸቱን የሞት ፍርድ አድርገህ ሰማኸው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ይህንኑ ክፍል ሲተረጉም ሐዋርያው የማይቻል ያለው ሁለተኛ ጥምቀትን እንጂ ንስሐን እንዳልሆነ ያስረዳል። አንድ ጊዜ ከክርስቶስ ጋር ተቀብረን ተነሥተናል፤ ስለዚህ የወደቀ ሰው የሚመለሰው በእንባና በንስሐ እንጂ እንደገና በመጠመቅ አይደለም። ይህን ስል የቃሉን ክብደት እያቀለልሁ አይደለም። መስቀሉን አውቆ የናቀ ሰው በንቀቱ ጸንቶ እስከ ቆየ ድረስ ሌላ መስቀል አይዘጋጅለትም፤ ሌላ መሥዋዕትም የለም።

ይህን ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን በደም ዘመን ተከራክራበታለች፤ መልሷም ተመዝግቦ ይገኛል። በ250 ዓ.ም. ገደማ የሮሙ ንጉሥ ዳኬዎስ ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። በእነርሱም ላይ ሰውየው ለአማልክት ዘወትር ሲሠዋ እንደ ኖረ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት የመጠጡን ቍርባን እንዳፈሰሰና ከመሥዋዕቱ እንደ ቀመሰ ይጻፋል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በዚያ ጊዜ ያየውን ሲጽፍ፣ ስማቸው ሲጠራ ፊታቸው ገርጥቶ እየተንቀጠቀጡ ወደ መሠዊያው የቀረቡ ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ ይናገራል። መሥዋዕት የሚያቀርቡ ሳይሆን ራሳቸው መሥዋዕት የሚሆኑ ይመስሉ ነበር፤ ለመሞትም ለመሠዋትም እንደ ፈሩ ያየው ሕዝብም ይሳለቅባቸው ነበር። ሌሎች ደግሞ ቀድሞም ክርስቲያን አልነበርንም እያሉ በድፍረት ሮጠው ሠዉ። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትል የምፈልገው ግን ሦስተኛዎቹን ነው። እነዚህ ወደ መሠዊያው አልቀረቡም፤ በገንዘብ ወይም በሰው በኩል ወረቀቱን ብቻ አስወጡ፤ «እጄ አልሠዋም፣ አፌም አልካደም» ብለውም ራሳቸውን አጽናኑ። በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የቅርጣግና ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን በደላቸው ከሠዉት ቢቀልም እነርሱም ንስሐ እንዲገቡ ጠይቋል። ቃል ሳይናገሩ መካድ እንደሚቻል ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።

ስደቱ ጋብ ሲል የወደቁት በብዛት ለመመለስ መጡ። በሮም ኖቫትያን የተባለ ቄስ በ251 ዓ.ም. ተለይቶ ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያሉትን ፈጽማ ልትቀበል አይገባትም አለ። በዚህ ክርክር መካከል ነው ዲዮናስዮስ ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ ስለ አንድ ሽማግሌ የጻፈለት። ሽማግሌው ሰራብዮን ይባላል፤ ዘመኑን ሁሉ ያለ ነቀፋ ኖሮ በመከራው ጊዜ ሠዋ። ይቅርታ እንዲደረግለት ደጋግሞ ቢለምንም፣ ሠውቶ ነበርና የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ታመመና ሦስት ቀን አንደበቱ ተዘግቶ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ነቅቶ የልጁን ልጅ ጠራና ቄስ እንዲያመጣለት ላከው። ጊዜው ሌሊት ነበር፤ ቄሱም ታሞ ሊመጣ አልቻለም። ነገር ግን ሊሞቱ የተቃረቡት፣ ይልቁንም አስቀድመው የለመኑት፣ ይቅርታ እንዳይከለከሉ ዲዮናስዮስ አዝዞ ነበርና ቄሱ ለልጁ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ሰጠው፤ አርሶ በሽማግሌው አፍ ውስጥ እንዲያንጠባጥብም ነገረው። ልጁ ሲመለስ ሽማግሌው ገና ሳይገባ አወቀውና ቄሱ ሊመጣ እንዳልቻለ ራሱ ተናግሮ፣ የታዘዝኸውን ቶሎ አድርግና አሰናብተኝ አለው። ልጁም እንደ ታዘዘው አደረገ፤ ሽማግሌው ጥቂት እንደ ዋጠ ነፍሱ ወጣች። ዲዮናስዮስ ይህን የጻፈው ፋብዮስ ወደ ኖቫትያን ሐሳብ እያዘነበለ ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ከዚህ የባሰ ነገር ቀረበላቸው፦ በንጉሥ ሊኪንዮስ ዘመን ሳይገደዱ፣ ንብረታቸው ሳይወሰድ፣ አደጋም ሳይደርስባቸው የካዱ ሰዎች። ምሕረት የማይገባቸው ቢሆኑም በርኅራኄ እንዲያዙ ወሰኑ፤ ሦስት ዓመት ንባቡንና ስብከቱን ብቻ ከሚሰሙት ንስሐ ገቢዎች ጋር፣ ሰባት ዓመት ተንበርክከው ከሚሰግዱት ንስሐ ገቢዎች ጋር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ በጸሎት ከሕዝቡ ጋር እንዲቆዩ አዘዙ። በድምሩ 12 ዓመት ነው። ይህን ቁጥር አንዳንዱ ሲሰማ «ምንኛ ከባድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ምንኛ ቀላል ነው» ይላል። አባቶች ግን ክህደትን ንቀው አላለፉትም፤ በሩንም አልዘጉትም። ሞት የቀረበውማ ያን ሁሉ ዘመን ሳይጠብቅ እንዲቀበል ፈቅደዋል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ቃሌ ይጠነክራል። የመመለሻ በር መኖሩ የመሄጃ ፈቃድ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ዴማስን በሦስት መልእክቶቹ ጠቅሶታል። ለፊልሞና ሲጽፍ ከሉቃስ ጋር አብረውኝ ከሚሠሩ ቈጥሮታል፤ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ሰላምታውን አስተላልፎለታል፤ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ግን «ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛልና» ይላል። ሰይፍ አልተመዘዘበትም፤ ክርክር ተሸንፎም አይደለም፤ ሌላ ነገር ወደደና ሄደ። ያየኋቸው አብዛኞቹ አወጣጦች እንዲህ ናቸው። አስቀድሞ የተሰወረ ኃጢአት አለ፣ ወይም ከአገልጋይ የደረሰ በደል አለ፣ ወይም ያልተመለሰ ልመና አለ፤ ቀጥሎ ጸሎት ይቀራል፤ ከዚያ ንስሐ «በሚቀጥለው ጊዜ» ይባላል፤ ሰው አብሮ መቆሙን ይተዋል። ምክንያቱ በመጨረሻ ይመጣል፣ ሲመጣም ያማረ ሆኖ ይመጣል። ሰውየው ያኔ «አስቤ ተውሁ» ይላል፤ ነገር ግን ያሰበው ከተወ በኋላ ነው። (በእውነት አስበው የሚጠይቁ ሰዎች የሉም አልልም፤ እነርሱን በትዕግሥት ልንሰማቸው ይገባል፤ ጥያቄያቸውን በቁጣ የምናፍን መምህራን በመውጣታቸው ድርሻ አለን።)

ስለዚህ ራስህን የምትመረምረው «ተጠራጥሬአለሁ ወይስ አልተጠራጠርሁም» እያልህ አይደለም። ቶማስን ተመልከት። «የችንካሩን ምልክት በእጆቹ ካላየሁ አላምንም» አለ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥርጥር የትም አታገኝም። ነገር ግን ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ ቶማስ ከወንድሞቹ ጋር በቤት ውስጥ ነበር። ያላመነውን ነገር ከሚያምኑት መካከል ተቀምጦ፣ ሳይደብቅ፣ ሳይለይ ቆየ። ሐዋርያትም አላስወጡትም። በመጀመሪያው ቀን ያልነበረው ሰው በሁለተኛውም ቀርቶ ቢሆን ኖሮ «ጌታዬ አምላኬም» የሚለውን ቃል ከማን እንሰማው ነበር? እንዲሁም የልጁን መዳን የሚለምን አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል አለማመኑን ለክርስቶስ ነገረው፣ ልጁም ዳነ። የአንተ የሌሊት ጥርጥር ከእነዚህ ወገን ነው፤ እንዲህ ሆኖ የሚቀጥለው ግን ይዘኸው በቤት ውስጥ እስከ ቆየህ ድረስ ነው።

ጸሎትህ መድረቁ ራሱ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ስለ ደረቀ ልትተወው ብትጀምር ነው። ጣዕም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይከለክላል፤ መቆም ግን የአንተ ነው። ረጅሙን ጸሎት መጨረስ ካቃተህ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለህ ድገም፤ እርሱም ካቃተህ «አቤቱ፣ ማረኝ» በል፤ ጨርሰህ ሳትቆም ግን አትደር። ወደ ንስሐ አባትህ ስትሄድ ኃጢአትህን ብቻ ዘርዝረህ አትመለስ፤ ጥርጥሩን ራሱን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣና ምን እንደሚልህ፣ ሳታሳምር ንገራቸው። ብዙ ሰው ስርቆትንና ቍጣን ሲናዘዝ አይፈራም፤ «አንዳንዴ አላምንም» ለማለት ግን ያፍራል። ያልተነገረ ጥርጥር ግን ብቻውን ያድጋል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ «ዛሬ ተብሎ ሲጠራ ሳለ፥ በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ» ያለው ስለዚህ ነው። የልብ መደንደን በየቀኑ የሚሠራ ስለ ሆነ መድኃኒቱም በየቀኑ ተሰጠ፤ እንዲህ ያለውን ምክር ደግሞ ሰው ለራሱ ብቻውን ሊሰጥ አይችልም።

ስለ ወንድምህ ሁለት ነገር እከለክልሃለሁ። የመጀመሪያው፣ የዕብራውያንን ምዕራፍ 6 እንዳታነብለት። ያ ቃል የተጻፈው በቤት ያሉትን ለማንቃት ነው፤ አንተ ወስደህ በወጣው ላይ በሩን ብትዘጋበት የኖቫትያንን ሥራ ሠራህ። ሁለተኛው፣ «ምንም አልጎደለብኝም» ሲል ልትከራከረው አትቸኩል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ አንድ ነገር ከመጥፋቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀምንበት ከሆነ ሲጠፋ አይታወቀንም። ይልቅስ መቼ እንደ ተወ ሳይሆን መቼ መጸለይ እንዳቆመ፣ ያን ጊዜም ምን እንደ ደረሰበት በፍቅር ጠይቀውና ስማው። የበደለው አገልጋይ ካለ አትሟገትለት፤ በደል በደል ነው፤ ጌታም ታናናሾችን ስለሚያሰናክሉ ሰዎች የተናገረው በአንገት የሚታሰር የወፍጮ ድንጋይ የማንንም ማዕረግ አይለይም። ስሙን ከጸሎትህ አታውጣ። ወደ ቤትህ ሲመጣ በፊት እንደምትቀበለው ተቀበለው፤ ስለ እምነትም ካልጠየቀህ ዝም በል።

ከጠየቀህ ግን፣ ይልቁንም «አንተስ ተጠራጥረህ አታውቅም?» ካለህ፣ አትዋሸው። ተጠራጥሬአለሁ በለው፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬአለሁ፣ ዛሬም እጸልያለሁ በለው።