ልጃቸው ማቆሚያ ቦታ ላይ መኪና ላስነካባቸው አባት

ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣው ልጅዎ ደሴ ፒያሳ ከቆመበት ወደ ኋላ ሲወጣ አጠገቡ የቆመውን መኪና ፓራውልት እንደጫረ ጽፈው፣ «ለምን ይደጋግመዋል? ከባለመኪናው ጋርስ እንዴት ልጨርስ?» ብለዋል።

ጀማሪ ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኑን ኋላ ላይ ይተክላል፤ የሚያስነካው ግን ብዙ ጊዜ በፊቱ ጥግ ነው። መሪው የሚያዞረው የፊት ጎማን ስለሆነ፣ ኋላው ወደ ቀኝ ሲዞር አፍንጫው ወደ ግራ ይወረወራል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ ስፖኪዮው አጠገቡ ከቆመው መኪና ፓራውልት ሳያልፍ መሪ አይንካ፣ አፍንጫው ሳይወጣም ሙሉ አያጥፍ። ወደ ፊት ሲገባ ደግሞ የኋላ ጎማው በውስጥ በኩል ቆርጦ ስለሚያልፍ በሩ ይጫራል። ካሜራ ቢኖርም በደሴ ዝናብ ሌንሱ ይደበዝዛል፤ ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ኋላውን ይይ። ሕፃን ከኋላ መስታወት በታች ጨርሶ አይታይም።

ሌላው ችግር ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የተለማመደ ልጅ እዚህ ሲመጣ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ይለቅና ሞተሩ ይጠፋል፤ ደንግጦ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው ይዘላል። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ማርሽ ያስገባ፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ እስኪል ፍሪሲዮኑን ይልቀቅና እግሩን እዚያው ያቁም፤ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ያውርድ። ይህን ባዶ ቦታ ላይ ሳይሰለቹ ያስደጋግሙት። ሲያቆም አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይውረድ። የእጅ ፍሬን ገመድ ይላላል፤ ታኮ ከመኪናው አይጥፋ።

ከባለመኪናው ጋር፦ መኪናው ሳይነቃነቅ ሁለቱም ታርጋ የሚታይበት ፎቶ፣ ከዚያ ጭረቱን በቅርብ ያንሱ። ስም፣ ስልክና የኢንሹራንሱን ወረቀት ይለዋወጡ። በስምምነት ከጨረሳችሁ የተከፈለው ብር፣ ቀኑና «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ተጽፎ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ በቃል ያለቀ ነገር ጋራዡ ዋጋ ሲጠራ ይነሳል። ሰው ትንሽም ቢሆን ከተጎዳ ግን ሽምግልና የለም፤ ሐኪም፣ ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌላውን ንብረት እንጂ የእርስዎን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ደግሞ ሳያሳውቁ ጋራዥ አያስገቡ፤ ለአዲስ አሽከርካሪ ከኪስ የሚጨመር ክፍያ እንዳለም ውሉን ይዩ።

ጭረቱ ላይ ጥፍርዎን ያሳልፉ፤ ካልያዘው ፖሊሽ ይበቃዋል። ላሜራው ከታየ ሳይዝግ ይቀባ። የተሰረጎደ የፕላስቲክ ፓራውልት ከሆነ ሙቅ ውሃ አፍስሰው ከውስጥ ይግፉት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ማያያዣዎቹ መሰበራቸውንም ይፈትሹ። ባለጋራዡ ስቱኮ ልለጥፍበት ካለዎት እምቢ ይበሉ፤ የላሜራ ስቱኮ ፕላስቲክ ላይ ይሰነጠቃል።