«አልነካሁም» የሚሉ ጠላቂዎችና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ባሕር ፓርኮች፣ ማለትም ለጥበቃ ስለተከለሉ የባሕር ክፍሎች፣ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፦ ጎብኚው ስለ መዝናናቱና ስለ ባሕሩ ደኅንነት የሚያስበውን በመጠይቅ እንዴት እናውቃለን? ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከኢላት፣ እስራኤል፦ በአንድ የመጥለቂያ ማዕከል እሠራለሁ። ለደንበኞች በምንሰጠው ወረቀት ላይ «ኮራል ነክተዋል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ኮራል ድንጋይ የሚመስል፣ ሲነካ የሚጎዳ ሕያው የባሕር ፍጥረት ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል «አልነካሁም» ይላል። እኔ ግን ውኃ ውስጥ አብሬያቸው ስለሆንኩ እጃቸውና የመዋኛ ጫማቸው የት እንደሚያርፍ አያለሁ። እየዋሹ ነው?

ብዙዎቹ አይዋሹም። የመዋኛ ጫማው ከኋላቸው ስለሆነ ኮራሉን ሲመታው አያዩም፤ አንዳንዴም አይሰማቸውም። የቀሩትን የያዛቸው እኛ ጥሩ ስም ያለን ነገር ነው፤ ይሉኝታ። በእንግድነት ሄዶ ወጡ ጨው በዝቶበት እያለ «እንዴት ነው?» ሲባል «ኧረ በጣም ይጣፍጣል» የሚል ሰው ውሸታም አይባልም፤ የጠየቀችው ያበሰለችው ናትና። የማዕከሉን ቲሸርት የለበሰ ሰው «ጎድተዋል?» ብሎ ሲጠይቅም መልሱ ያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሉኝታውን ከመልስ ሰጪው ላይ ያንሱለት። ወረቀቱ ስም አይጠይቅ፤ የሚሰበስበውም አብሯቸው የጠለቀው አስጎብኚ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ ከተቻለ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይግባ። ጥያቄው ራሱ ደግሞ እውነቱን የሚያቀልል ይሁን፦ «ልምድ ያላቸው ጠላቂዎችም ሳያስቡት ኮራል ይነካሉ። ዛሬ ሲጠልቁ ይህ ስንት ጊዜ ያጋጠመዎት ይመስልዎታል?» ምርጫዎቹ ከ«አንድም ጊዜ» እስከ «ከአምስት ጊዜ በላይ» ይሂዱ፤ «አላስተዋልኩም» የሚለውም አይቅር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው በዓይን የታየውን አይተካም። በሴንት ሉሲያ ደሴት 353 ጠላቂዎችን ውኃ ውስጥ የተከታተለና በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ኮራሉን እንደሚነኩ አሳይቷል፤ ካሜራ የያዙት ደግሞ ይብሱ ነበር። ከመጥለቅ በፊት በሚሰጠው በተለመደው ገለጻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመሩ ምንም አልለወጠም። የለወጠው መሪው ውኃ ውስጥ እያየ ማረሙ ነው። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው የግብፁ ራስ መሐመድ ፓርክ ግን፣ በ1997 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በሥዕል የተደገፈ ገለጻና ውኃ ውስጥ የተደረገ ማሳያ አንድ ጠላቂ በየሰባት ደቂቃው የሚያደርገውን ንክኪ በአማካይ ከ1.4 ወደ 0.4 ዝቅ አድርጎታል። እርስዎ በየቀኑ የሚያዩትን ቆጥረው ይመዝግቡት፤ ከወረቀቱ ጎን ሲቀመጥ የሁለቱ ልዩነት ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። የኢላቱ የኮራል ባሕር ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እንዲህ ጠባብ ቦታ ላይ እያንዳንዱ ንክኪ ይከብዳል።

ከጅቡቲ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡ ጎብኚዎችን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ስንት ሰው ይበቃል?

የስሕተቱ መጠን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 385 ሰው ይፈለጋል። ጠቅላላ ጎብኚው 1,000 ያህል ብቻ ከሆነ 278 ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ማንን እንዳገኙ ይጨነቁ። ወደብ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ደጋግሞ የሚመጣውን ነው ደጋግሞ የሚያገኘው፤ በወቅቱ አሥር ቀን የወጣ ሰው አንድ ቀን ከወጣው ይልቅ በእርስዎ የመገኘት ዕድሉ አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ «በዚህ ወቅት ስንት ቀን ወጡ?» የሚለውን ጥያቄ አይርሱ፤ በስሌቱ ጊዜ ሚዛኑን የሚያስተካክሉት በዚያ ነው። የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን፣ ርካሽና ውድ ጀልባ ይቀላቀሉ። አልመልስም ያለውንም ይቁጠሩ።

ከሜልበርን፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በረቂቅ መጠይቄ ላይ «ከመዝናናትና ከጥበቃ የትኛው ይበልጥብዎታል?» ብዬ ነበር። አማካሪዬ ሰረዘችው። ለምን?

አማካሪሽ ልክ ናት። ማንም «ባሕሩ ይጥፋ፣ እኔ ልዝናና» አይልም፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ደግሞም ሁለቱን ባላንጣ ታደርጊያቸዋለሽ፤ ኮራሉ ሲሞት ግን መዝናኛውም አብሮት ይሞታል። ሰው የሚያመዛዝነው ተጨባጭ ነገር ሲቀርብለት ነው። ሁለት ጉዞዎች አቅርቢለት፦ በአንደኛው 20 ጀልባዎች አሉ፣ ማጥመድ ይቻላል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በሁለተኛው 5 ጀልባዎች ብቻ አሉ፣ ማጥመድ ክልክል ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል። የቱን ትመርጣለህ? ይህን በተለያየ ቅንብር ስትደጋግሚው ጎብኚው ለምን ያህል ጸጥታ ምን ያህል እንደሚከፍል ይወጣል። አገርሽ አውስትራሊያ የታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ የግዙፉ የኮራል ስፍራ፣ ባለቤት ናት፤ 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነው ፓርክ ሲሶ ያህሉ በ2004 ለማጥመድ የተዘጋው በዞን ተከፋፍሎ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ካርታ ስጪና «የት ነበሩ?» ብለሽ ጀምሪ፤ ዞኑን ያላወቀ ሰው ስለ ዞኑ የሚሰጠው አስተያየት ብዙ አይጠቅምሽም።

ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ሁለት አንባቢዎች፦ ጎብኚውን «ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው? ዝቅ አድርጎ አይናገርም?

ሊናገር ይችላል። ከፍ አድርጎ የሚናገርም አለ፣ ከኪሱ ገና አልወጣምና። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የቦኔር ደሴት ጥሩ ምሳሌ ናት። ፓርኳ በ1979 ተቋቋመ፤ ጠላቂዎችን በዓመት 10 ዶላር ማስከፈል የጀመረው ግን በ1992 ነው። በዚያን ወቅት ሲጠየቁ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ 10 ዶላሩ አግባብ ነው ሲሉ፣ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑበት አማካይ ደግሞ 27 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። ያው ጥናት አንድ መጥለቂያ ቦታ በዓመት የሚጠለቅበት ጊዜ ከ4,000 እስከ 6,000 ካለፈ ጉዳቱ ጎልቶ እንደሚታይ ገምቷል። የገንዘቡና የኮራሉ መልስ አንድ ላይ መቅረቡን እወደዋለሁ፤ አስተዳዳሪው ሁለቱንም ነው የሚፈልገው።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን በ1993 የሰጠው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ ሰውየው ቁጥር እንዲፈጥር አታስገድዱት፤ ቁጥር ጥሩለትና «አዎ» ወይም «አይ» ይበል፤ ገንዘቡ ከሌላ ወጪው እንደሚቀነስም አስታውሱት። ለተለያየ ሰው የተለያየ ቁጥር ስጡ። ክፍያው የት እንደሚውል መጻፉም ግድ ነው፤ ብዙ ሰው «አይ» የሚለው ባሕሩን ጠልቶ ሳይሆን ገንዘቡ የት እንደሚገባ ተጠራጥሮ ነው።

ከሞምባሳ፦ በኬንያ የማሊንዲና የዋታሙ ባሕር ፓርኮች አካባቢ ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ይጠየቁ?

ይጠየቁ እንጂ! ግን በጎብኚ ወረቀት አይደለም። ሁለቱ ፓርኮች ከ1968 ጀምሮ ሲከለሉ አያቶቻቸው ያጠምዱበት የነበረ ውኃ ነው የተዘጋው። ለእነርሱ «እርካታዎ ከአምስት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ስድብ ሊመስል ይችላል። በስዋሂሊ፣ ዓሣው በሚራገፍበት ቦታ፣ ጊዜ ሰጥቶ ማውራት ይሻላል። መጨናነቁን ሸሽተው መምጣት ያቆሙ ጎብኚዎችም አሉ፤ በሩ ላይ የቆመ ጠያቂ እነርሱን ከቶ አያገኛቸውም።

ከባሕር ዳር፦ የቱሪዝም ተማሪ ነኝ። ለባሕር ፓርክ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ ጣና ላይ ልጠቀምበት አስቤያለሁ። ይሆናል?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል፤ የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነውና። ሐሳቡ ይሻገራል፤ ጣና ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት) ነው። ቃላቱ ግን እንዳሉ አይሻገሩም። «የሐይቁ ጥበቃ እንዴት ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ግማሹ ሰው በር ላይ ስላለው ዘበኛ ይነግርሻል። «መዝናናት» ለብዙ ሰው ቢራና ጨዋታ ነው፤ ገዳም ሊሳለም በጀልባ የሄደ ምእመን «ለመዝናናት መጡ?» ቢባል ቅር ይለዋል። «አካባቢ»ም ሰፈሩ ይሁን ተፈጥሮው አይለይም። ስለ እምቦጭ ብትጠይቂ ግን ማስረዳትም አያስፈልግሽ፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉም «የትኛውን ገዳም ጎበኙ?» የሚለው ጥያቄ ለወንድና ለሴት እኩል አይደለም፤ መልሶቹን ለይተሽ አንብቢያቸው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከማባዛትሽ በፊት ጀልባ የሚጠብቁ አሥር ሰዎች ፈልጊ፤ ገበሬም፣ ካህንም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብም ይኑርባቸው። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቢላቸውና «ይህን ስል ምን መጣልዎት?» በያቸው። የሚሉሽን በራሳቸው አነጋገር ጻፊው። ጥያቄሽን ከዚያ አነጋገር ሥሪው፤ ከዚያም እንግሊዝኛውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልስልሽ። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች የተለያዩበት ቦታ ሁሉ እንደገና የምትጽፊው ነው።